ቤት ወይም ሱቅ ሲሰበር፦ ፖሊስ እስኪደርስና ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ሥራ (ለጎንደር ነዋሪዎች)

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሱቅዎን ሊከፍቱ መጥተው ጓጉንቸሩ ተቆርጦ መሬት ላይ ቢያገኙት፣ ጎንደር ላይ ቀድሞ የሚደርስልዎ ጎረቤት ነው። «እንኳን ነፍስዎን አተረፈ፣ ንብረት ይተካል» ይላል። አንዱ በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ ያያል፤ ሌላው የተቆረጠውን ጓጉንቸር አንስቶ በመጋዝ ነው በፌሮ እያለ ያገላብጠዋል፤ ሦስተኛው የተበተነውን ዕቃ ጎንበስ ብሎ ይሰበስብልዎታል። ሁሉም ከልቡ ነው። ነገር ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሌባው ጫማ ያረፈበትን መሬት ሃያ ሰው ረግጦታል፤ የሌባው እጅ የነካውን ብረት አምስት ሰው ጨብጦታል። መርማሪው ሲመጣ የሚያገኘው የጎረቤትዎን አሻራ ነው።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም፤ ወንጀለኛ የሚፈለገው ከሰው አፍ ነበርና። በአውጫጭኝ፣ ሌላው አካባቢ አፈርሳታ በሚለው፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። የሰማውን ለሽማግሌዎቹ ሹክ የሚለው ሰው «ወፍ» ይባላል። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በየሰፈሩ እየተነዳ፣ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በዚያ ዘመን ጓጉንቸሩን ማን እንደነካው የሚጠይቅ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 የንጉሠ ነገሥቱ ፖሊስ በአገር ደረጃ ተቋቋመ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአመልካቹ እንዲነበብለትና እንዲፈርምበት አዘዘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ተይዞ የተገኘ ሰው ቃሉን ተገዶ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት አይቀርብም አለ። የፖሊስ ኃይል ማደራጀትንም ለክልሎች ሰጠ። ስለዚህ ዛሬ መርማሪ ፍርድ ቤት ይዞ መቅረብ የሚችለው ሦስት ነገር ነው፦ ዱካ፣ ምስክር፣ በጽሑፍ የሰፈረ ቃል። ሦስቱም መርማሪው ጋ ከመድረሳቸው በፊት በተበዳዩ እጅ ያልፋሉ። «ፖሊስ ምንም አላደረገልኝም» ከሚባሉት ጉዳዮች ብዙዎቹ የሚበላሹት በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ሁለቱን በደንብ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት

በሩ ተሰብሮ ካገኙትና ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ካላወቁ አይግቡ። ፈቀቅ ብለው ኡኡ ይበሉ፤ ኡኡታ እስከ ዛሬ የሚተካከለው የማንቂያ ደወል አልተገኘም። ከዚያ ይደውሉ። የቅርብ ፖሊስ ጣቢያዎን ስልክና በቀበሌዎ የተመደበውን ፖሊስ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቀው ይያዙ። ስልክዎ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፈው ቤት ውስጥ ይለጥፉት፤ የሚሰረቀው ስልኩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ሲደውሉ ቦታውን ያስቀድሙ። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ወዴት እንደሚመጡ ያውቃሉ። «ፒያሳ አካባቢ» አድራሻ አይደለም። «ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ወደ ታች ሃምሳ እርምጃ፣ ከጣውላ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር» አድራሻ ነው። ቀጥሎ የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፤ ከዚያ የተጎዳ ሰው ወይም እዚያው ያለ ሌባ እንዳለና እንደሌለ፤ መጨረሻ ላይ ስምዎን። አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን ይጠብቅ።

አሁን ወደ ጎረቤት እንመለስ። ሊያጽናና የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ስለዚህ አይመልሱት፣ ሥራ ይስጡት። ተሰሚነት ያላቸውን አንድ አዛውንት በሩ ላይ ያስቀምጡና ማንንም እንዳያስገቡ አደራ ይበሏቸው። አንዱን በሰፈሩ የደህንነት ካሜራ ያለው የትኛው ቤት እንደሆነ እንዲያይ ይላኩት። አንዷ ወረቀት ይዛ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ማን እንደገባና ምን እንደነካ ትመዝግብ። ይህ ዝርዝር ቀላል ይመስላል እንጂ መርማሪው አሻራ ካነሳ የቤተሰብዎንና የጎረቤትዎን አሻራ ከሌባው የሚለየው በእሱ ነው። የቀረው ሰው ጎረቤት ቤት ቡናውን ይጠጣ። ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ቢወጥሩ ደግሞ ሰው ሳይነገረው ይቆማል።

ዱካ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነገር ነው፣ በተለይ በክረምት። ጭቃ ላይ የጫማ ዱካ ካዩ ሳፋ ወይም ሰፋ ያለ ባልዲ ይድፉበት፤ ነፋስ እንዳያነሳው ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። የሳፋው ጠርዝ ዱካውን እንዳይነካ ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ይተርፍ። ላስቲክ በቀጥታ አያልብሱት፤ እርጥብ ጭቃ ላይ ይጣበቅና ሲነሳ ቅርጹን ይዞት ይነሳል። ሴራሚክ ወይም የተወለወለ ሲሚንቶ ላይ የአቧራ ዱካ በዓይን አይታይም። የስልክዎን ባትሪ ወለሉ አጠገብ አድርገው በአግድም ሲያበሩት ይወጣል። ካገኙት አይጥረጉ፣ በቦታው ላይም ወንበር አያስቀምጡ።

አሻራ የሚይዘው ለስላሳ ነገር ነው፦ መስታወት፣ የተቀባ ብረት፣ የመሳቢያ ፊት፣ ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ዕቃ። የድንጋይ ግድግዳና ያልተላገ እንጨት ብዙም አይዙም፤ ሰው የግድ ማለፍ ካለበት በእነሱ በኩል ይለፍ። ሌባው ያልነበረ ነገር ጥሎ ከሄደ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የውሃ ላስቲክ፣ የጫት ገረባ፣ ያልታወቀ ፌሮ፣ በእጅዎ አያንሱት። ፈረንሳዊው ኤድሞንድ ሎካር በ1910 እ.ኤ.አ. በሊዮን ከተማ የፖሊስ ምርመራ ላቦራቶሪ ያቋቋመ ሰው ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ሁለት ነገር ሲነካካ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል። የእርስዎ እጅም ይተዋል።

ፎቶ ያንሱ፣ ግን በሦስት ርቀት ይሁን። መጀመሪያ ከመንገድ በሩንና አካባቢውን የሚያሳይ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት እርምጃ ቀርበው፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ብሎ ከቅርብ። ለቅርቡ ፎቶ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፤ መጠኑ የሚለካው በእሱ ነው። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ አጋድመው ካነሱት የጫማው ርዝመት ይዛባል። ሥዕሉን በቴሌግራም ሲልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩት፣ አለዚያ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። ዋናውን ከስልክዎ አያጥፉ።

አንዳንዴ ቦታውን እንዳለ ማቆየት አይቻልም። የጋዝ ሲሊንደር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ዝናብ በተቀደደው ጣሪያ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ የታመመ ሰው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሕይወት ይቀድማል። ፎቶ ማንሳት ከተቻለ ያንሱና ይግቡ፤ ምን እንዳንቀሳቀሱ በኋላ ለመርማሪው ይንገሩ። ነካክቶ መናገር ምንም አይደለም። ነካክቶ መደበቅ ግን ምስክርነትዎን በሙሉ ያሳጣዎታል።

ካሜራና ሰዓት

ካሜራ ያለው ሱቅ ወይም ሆቴል ሲገኝ ባለቤቱን ዛሬውኑ ያነጋግሩ። መቅረጫው ቋቱ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ብዙ ካሜራ ያለውና ቋቱ ትንሽ የሆነው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። ባለቤቱ ያንን ሌሊት ለይቶ እንዲያስቀምጥ ይለምኑት፤ መቅዳቱን ግን ፖሊስ ያድርገው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ መዝገብ ላይ መታየት አለበትና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ካሜራው የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 02:10 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 8፡10 ነው፤ 20:00 ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የካሜራው ሰዓት ራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል። ቀረጻውን ሲያዩ ካሜራው አሁን ስንት ሰዓት እንደሚል ከስልክዎ ጋር ያስተያዩና ልዩነቱን ይጻፉ፦ «ካሜራው ከስልኬ 25 ደቂቃ ይቀድማል»። ይህች አንዲት መስመር ካልተጻፈች ተጠርጣሪው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበር በምስክር አሳይቶ ሊወጣ ይችላል።

ቀኑም እንዲሁ። «ሰኞ ሌሊት» ማለት ለአንዱ ሰኞ ሊነጋ ሲል ነው፤ ለሌላው ሰኞ መሽቶ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል። አባቶቻችን ለዚህ ቃል አላቸው፣ አጥቢያ። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ» ብለው ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ካስጻፉ ማንም ሊያምታታው አይችልም።

ቃል አሰጣጥ

ጣቢያ ሲደርሱ ጉዳይዎ በመጀመሪያ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ መርማሪ ተመድቦ ቃልዎን ይቀበላል። ከመሄድዎ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ለራስዎ ይጻፉት። ሁለት ቃል እናነጻጽር። የመጀመሪያው ይኸውና፦

«ትናንት ማታ ሌቦች ገብተው ብዙ ዕቃ ሰረቁኝ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ሁሌም ዓይኑ እዚያ ነው።»

ሁለተኛው፦

«ሰኞ ማታ በ2፡30 ሱቄን በሁለት ጓጉንቸር ቆልፌ ሄድኩ። ማክሰኞ ጠዋት በ12፡15 ስመለስ የላይኛው ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል፤ የታችኛው የለም። በመካከል የሆነውን አላየሁም። ጀርባ ያለው መጋዘን ዘበኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የብረት ድምፅ መስማቱን ነግሮኛል። የጎደሉት ዕቃዎች በተያያዘው ዝርዝር አሉ። አንድ ሰው እጠረጥራለሁ፤ ምክንያቴም ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥቶ ጓጉንቸሩ ከየት እንደተገዛ ስለጠየቀኝ ነው።»

የመጀመሪያው ቃል መርማሪውን የትም አያደርሰውም፤ ልጁ ሌላ ቦታ አድሮ ከሆነም ጉዳዩ እዚያው ይሞታል። ሁለተኛው የሌሊቱን ርዝመት ከ2፡30 እስከ 12፡15 ወስኖ ሰጥቷል፤ ያዩትን፣ የሰሙትንና የጠረጠሩትን ለያይቷል፤ ቀጣይ ምስክር ማን እንደሆነ ጠቁሟል። ለጥርጣሬም ምክንያት ሰጥቷል። ጥርጣሬ መናገር መብት ነው። ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መናገር ግን ንጹሕ ሰው ያሳስራል፤ ሐሰተኛ ጥቆማ ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው።

የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ መለያውን፣ የተገዛበትን ጊዜና ዋጋ፣ ይህን የሚያረጋግጠውን ደረሰኝ ወይም ሰው ይጻፉ። ወርቅ ከሆነ ስንት ግራም፣ ስንት ካራት፣ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው፤ ለብሰውት የተነሱት የሠርግ ፎቶ ጥሩ ማስረጃ ነው። ገንዘብ ከሆነ ስንት እንደነበር፣ በባለ ስንት ብር ኖት፣ ለምን እዚያ እንዳደረ። አያጋንኑ። ሌባው በሦስት ጥቅል ጨርቅ ተይዞ እርስዎ አሥር ብለው ከሆነ፣ ጠበቃው ሰባቱን ይዞ ሦስቱንም ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል። በድንጋጤ የረሱት ነገር ይኖራል፤ ስለዚህ «ወደፊት የሚገኝ ጉድለት ካለ ተጨማሪ ዝርዝር አቀርባለሁ» የሚል ያስጽፉ።

ቃልዎን ካነበቡ ወይም ከተነበበልዎ በኋላ ብቻ ይፈርሙ። ያልተናገሩት ቃል ከገባ ይታረም፤ እርማቱ ላይም ይፈርሙ። ባዶ ቦታ ባለበት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይዘው ይውጡ፦ የመዝገቡን ቁጥር፣ የመርማሪውን ስምና ማዕረግ፣ የሚገኝበትን ስልክ። አቤቱታ ለማስመዝገብ ክፍያ የለም።

ስድብና ቀላል የእጅ እልፊት የመሳሰሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰሱ ወንጀሎች ጊዜ አላቸው። ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቁ 3 ወር ካለፈ አቤቱታው አይቀበልም። ሽማግሌ እየጠበቁ ይህ ጊዜ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው።

ስልክ፣ ሞተር፣ ከብት

ስልክ ሲሰረቅ ከጣቢያው በፊት የሚሠራ የአምስት ደቂቃ ሥራ አለ። በሰው ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውለው ሲሙን ያዘጉ። ቴሌብር ካለዎት 127፣ ንግድ ባንክ ሒሳብ ካለዎት 951 ይደውሉ። ሌባው ከስልኩ ይልቅ የሚፈልገው ውስጡ ያለውን ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ደግሞ ከስልኩ ቀድሞ ይሄዳል። ቀጥሎ የስልኩ መለያ ነው። ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ሲሆን ዛሬ ስልኩ እጅዎ እያለ *#06# ሲደውሉ ይወጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው፣ ሁለቱንም ይጻፉ። ካርቶኑም ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ካርቶን አይጣሉ። «ጥቁር ሳምሰንግ» ብቻ ያለ ሰው የተገኘ ስልክ የእሱ መሆኑን ማሳየት አይችልም።

ለባጃጅና ለሞተር የሚያስፈልገው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ነው፤ ሰሌዳ በአንድ ደቂቃ ይነቀላል። የሊብሬውን ፎቶ ከተሽከርካሪው ውጭ ያስቀምጡ።

ከከተማው ዳር፣ በአዘዞና በጠዳ በኩል፣ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከብት ነው። እዚህ ላይ ገበሬው ከማንም የተሻለ ቃል አለው፤ ሳያፍር ይጠቀምበት። «አንድ ቀይ በሬ» ቢል በቅዳሜ ገበያ መቶ ቀይ በሬ አለ። «ዳማ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ የግራ ቀንዱ ጫፉ የተሰበረ፣ የቀኝ ጆሮው ከሥሩ የተተለተለ፣ ስድስት ዓመቱ» ቢል መርማሪው ገበያ ገብቶ ሊያውቀው ይችላል። መተኮሻ ምልክት ካለ ቅርጹ በወረቀት ላይ ይሳል። ከብት በአንድ ሌሊት ብዙ መንገድ ይሄዳልና ቀጣዩን የገበያ ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ጠዋት ያመልክቱ።

ጥምቀት ሌላ ጊዜ ነው። ጥር 10 እና 11 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ በሚሆነው ግፊያ ስልክ ከኋላ ኪስ አይያዝም። ለልጅ ደግሞ ከስልክ ቁጥር ጋር የወላጅ ስም የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይግባለት፤ ስም ብቻ የሚያውቅ ሕፃን በዚያ ሕዝብ መካከል ወላጁን ማግኘት ይከብደዋል።

የአካል ጉዳት ሲኖር

ተደብድቦ ወይም ተደፍሮ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሐኪም ቤት ነው። ለሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ አይጠበቅም። ደብዳቤው የሚያስፈልገው የሕክምና ማስረጃው ወደ መዝገቡ እንዲገባ ነውና ኋላ ሊደርስ ይችላል። የተደፈረች ሴት ወይም ሕፃን ገላዋን ሳትታጠብ ብትሄድ ማስረጃው ይቆያል፤ ታጥባ ከሆነም ከመሄድ አትቅር። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ከ5 ቀን ካለፈ አይሠራም። ልብሱ አይታጠብ፤ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ወይም በጋዜጣ ይጠቅለል። ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፤ ማስረጃው አብሮ ይበሰብሳል።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ቤተሰብ ስሟ እንዳይነሳ ብሎ ሦስት ቀን ሲመክር መድኃኒቱም ማስረጃውም ያመልጣሉ። ምክሩ ይቆይ፤ ሐኪም ቤት መሄዱ አይቆይ።

ተጠርጣሪ ሲያዝ

እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሌባ ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ለማንም የተፈቀደ ነው። መደብደብ አልተፈቀደም። ይህን የምንለው ለሌባው ብቻ አዝነን አይደለም፣ ምንም እንኳ እሱም ሰው ቢሆን። ተደብድቦ «እኔ ነኝ» ያለ ሰው ቃሉ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይወድቃል፤ ደብዳቢዎቹ ራሳቸው ተከሳሽ ይሆናሉ፤ ዕቃዎ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሆስፒታል ይተኛል። ጣቢያም ውስጥ «ትንሽ ቢነካልኝ» ብለው አይጠይቁ። ያን የሚያደርግ መርማሪ ካለ መዝገብዎን እያፈረሰው ነው።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ አይታሰብም። ዳኛው የምርመራ ጊዜ ሊፈቅድ ይችላል፤ የ1954ቱ ሕግ አንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን አያሳልፈውም። በዋስ ሊለቀቅም ይችላል። በዋስ ወጣ ማለት ነጻ ወጣ ወይም ጉቦ ሰጠ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለው ተስፋ ቆርጠው ምስክሮችዎን አይበትኑ። ዛቻ ከደረሰብዎ ግን ቀኑንና ቃሉን ጽፈው ያንኑ ዕለት ለመርማሪው ያመልክቱ፤ ዋስትናው የሚነሳው በዚህ ነው። ይኸው መብት የእርስዎ ልጅ ቢያዝም የሚሠራ ነው፦ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ መስማት፣ ዝም ማለት፣ በቤተሰብ፣ በጠበቃ፣ በሐኪምና በንስሐ አባት መጎብኘት።

የተጠርጣሪውን ፎቶ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አይልጠፉ። ምስክርዎ ሰውየውን ከሌሎች መካከል ለይቶ እንዲያሳይ ሲጠየቅ፣ «ፎቶውን አስቀድሞ አይቶታል» ከተባለ ምልክቱ ዋጋ አይኖረውም። ምስክሮቹም እርስ በርሳቸው ከመነጋገራቸው በፊት የየራሳቸውን ይጻፉ፦ ቁመቱ ከበሩ ጉበን አንጻር፣ አካሄዱ፣ የያዘው ነገር፣ አነጋገሩ። የተስማማ ምስክርነት የተጠና ይመስላል።

ሽምግልና

ጎንደር ላይ ጉዳይ ፖሊስ ጋ በገባ በሳምንቱ ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ከፖሊስ በፊት የነበረ፣ ዛሬም ደም የሚያደርቅ ሥርዓት ነው። ነፍስ በጠፋበት ጉዳይ የደም አድራቂ ሽማግሌዎች በሁለት ቤተሰብ መካከል ቆመው የሚያድኑትን ሕይወት የትኛውም ጣቢያ ብቻውን አያድነውም። ድንበሩ ግን ይታወቅ። በግል አቤቱታ የሚከሰስ ጉዳይ በእርቅ ሊዘጋ ይችላል። የቤት ሰበራ፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ መድፈር፣ ግድያ ግን የመንግሥት ክስ ናቸው፤ እርቁ ቂሙን ያጠፋል እንጂ ክሱን አያነሳም። ስለዚህ ካሳ ተቀብለው ሲታረቁ «ቃሌን እቀይራለሁ» ብለው አይማሉ። እርቁን በጽሑፍ ያድርጉና ቅጂውን ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ይስጡ፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሲወስን ሊያየው ይችላል። የሕፃን መደፈርን ለሽማግሌ ማቅረብ ግን የለብንም፤ ሽማግሌዎቻችንም እምቢ ማለት አለባቸው።

መዝገቡን መከታተል

በአምስት ወይም በስድስት ቀን አንድ ጊዜ መርማሪውን ያግኙት፤ በየቀኑ መደወል አይረዳም። ሲሄዱ «ምን ደረሰ?» ብቻ አይበሉ። አዲስ ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የተገኘ ደረሰኝ፣ አዲስ ምስክር፣ ዕቃው ሲሸጥ የታየበት ቦታ። ዕቃዎን ገበያ ላይ ካዩት ራስዎ ተደራድረው አይግዙት፣ አይንጠቁም፤ ሻጩ እንዳይጠፋ አንድ ሰው በሩቅ ይጠብቅ፣ እርስዎ ይደውሉ።

ጣቢያው አልመዘግብም ቢል የጣቢያውን ኃላፊ ይጠይቁ። ካልሆነ በጽሑፍ ወደ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂዱ። ደብዳቤዎን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በአንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ድብደባ ወይም ያለአግባብ እስር ካለ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የአስተዳደር በደል ከሆነ የዕንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላሉ።

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። እሱ ክስ ይመሠርታል፣ ወይም የጎደለ ካለ መልሶ ይልከዋል፣ ወይም ይዘጋዋል። ከዚህ በኋላ ጉዳይ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በምስክር መጥፋት ነው። ዘበኛው ሥራ ቀይሮ ወደ መተማ ይሄዳል፣ ስልኩ ይቀየራል፣ መጥሪያው አይደርሰውም፣ ተከሳሹ በነጻ ይለቀቃል። ለእያንዳንዱ ምስክር ሁለት ስልክ ይያዙ፣ የራሱንና የዘመዱን፤ አድራሻ ሲለወጥ ለዐቃቤ ሕጉ ያሳውቁ።

ዕቃዎ ተገኝቶ በኤግዚቢትነት ጣቢያ ከተቀመጠ እስከ ፍርድ መጨረሻ መጠበቅ ግድ ላይሆን ይችላል። የባለቤትነት ማስረጃዎን አያይዘው፣ ፍርድ ቤት ሲፈልገው እንደሚያቀርቡት ግዴታ ገብተው ለመርማሪው ወይም ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱ። የሚበላሽ ዕቃ፣ የሚታለብ ከብት ወይም የዕለት እንጀራ የሚያስገኝ ባጃጅ ከሆነ ያንን በማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፉት። ሲረከቡ ከመፈረምዎ በፊት ዕቃውን ከመጀመሪያው ዝርዝርዎ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ የጎደለ ወይም የተሰበረ ካለ በርክክቡ ቅጽ ላይ ይጻፍ።